ዘመኑን ሁሉ ሉቃስ ያደረግኩበት ሳምንት

እኔ ሰው ማስቸገር አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምታነቡት ነገር በሙሉ ተቃራኒውን ስለሚመሰክርብኝ ነው። በአንድ ጠዋት ያን ሁሉ ሕዝብ ከበዓል ማዕዱ ያስነሳ ሰው እንዲህ ሲል ማን ያምነዋል? እናንተ ግን እስክጨርስ ድረስ እንኳ ያመናችሁኝ ምሰሉ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። “ባለሙያ” የሚለው ቃል ያለው ቅጥር ደብዳቤዬ ላይ ነው። በተግባር ግን ፕሪንተር ወረቀት ሲጎርስ የምጠራው እኔ ነኝ፤ የዲኑ ስልክ ድምፁ ሲጠፋ እኔ ነኝ፤ አምፖል ሲቃጠልም “ያው ኤሌክትሪክ አይደል የተማርከው?” እየተባልኩ መሰላል የምወጣው እኔው ነኝ። በልቤ ግን ፕሮግራመር ነበርኩ። ዓለምን ካዳረሱት ታላላቅ ኩባንያዎች ወደ አንዱ በየስድስት ወሩ የሥራ ማመልከቻ እልካለሁ። እነሱም በየስድስት ወሩ ዝም ይሉኛል። እንዲህ ተግባብተን ብዙ ጊዜ ኖርን።

የኩባንያውን ስም አልጠራም። ትልቅ መሆኑን ብቻ እወቁልኝ። ይህ ኩባንያ አንዳንድ ፕሮግራሞቹን ኮዱን ሳይደብቅ ለዓለም ይለቃል። የፈለገ ወስዶ ይሠራበታል፤ ስህተት ያገኘ ደግሞ አርሞ ይልክላቸዋል፤ እነሱም መርምረው ከወደዱት ያስገቡታል። እኔም ከዚያ ውስጥ የቀን መቁጠሪያውን ወስጄ ለኮሌጁ አንዲት ፕሮግራም ሠራሁ። ፕሮግራሟ ቀኑን እያየች ለተማሪ ወላጆች በሞባይል መልእክት ትልካለች፤ የፈተና ቀን ሲደርስ፣ በዓል ሲሆን፣ ምዝገባ ሲጀመር። ዲኑ አቶ ስማቸው በጣም ወደዷት። በየስብሰባው “የእኛ ኮሌጅ ሰው ሳይነካው የሚሠራ አሠራር አለው” ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ሰው ነክቷት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ያ ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነበር። መቼም ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን ናት፣ በየአራት ዓመቱ ግን በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ላይ ስድስት ትሆናለች። ይህን አያቶቻችን ያውቃሉ፣ ልጆቻችን ያውቃሉ። የኩባንያው ፕሮግራም ግን አያውቅም ነበር። ስድስተኛዋን ቀን ለሚቀጥለው ዓመት፣ ለዮሐንስ ነበር የሰጣት።

ስለዚህ ጳጉሜን ስድስት ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ከራሴ ፕሮግራም የመጣ መልእክት ነው፦ “እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ። ምዝገባ ነገ ጠዋት ይጀምራል። ያልተገኘ ተማሪ ቦታውን ያጣል።”

አሁን የምናገረውን ሳትስቁ ስሙኝ። አመንኩ። ራሴ የጻፍኩትን መልእክት፣ ለራሴ ደርሶኝ፣ አመንኩ። ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ወጣሁና ልብስ የምታጥብ ጎረቤቴን “እንኳን አደረሰሽ!” አልኳት።

“ለምኑ?” አለች።

“ለአዲሱ ዓመት!”

እጇን ከአረፋው አውጥታ በርኅራኄ አየችኝ። “ነገ ነው እኮ። ትኩሳት አለህ እንዴ?”

ያን ጊዜ ነቃሁ። ነቃሁ ስል ግን ግማሽ በግማሽ ነው። መልካም ምኞቱ በአንድ ቀን መቅደሙን አየሁና “ቀድሞ የመረቀ ምን ይባላል?” ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከምርቃቱ በታች ያሉትን ሁለት አረፍተ ነገሮች ፈጽሞ ረሳኋቸው። ወደ ገበያ ሄጄ ዶሮ ገዛሁ።

በማግስቱ፣ በእውነተኛው መስከረም አንድ፣ ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ስጠቀልል የኮሌጁ ዘበኛ ጋሼ ወርቁ ደወሉ።

“ልጄ፣ በሩ ላይ ሰው አለ።”

“ስንት ሰው ነው ጋሼ?”

“ጥምቀት ስንት ሰው ይወጣል?”

እጄን ሳልታጠብ ሮጥኩ። እውነትም በሩ ጥቅጥቅ ብሏል። ከደብረ ኤልያስ የመጣ አለ፣ ከየገጠሩ የመጣ አለ፤ የበዓል ልብስ የለበሰ አለ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ የለበሰ አለ። በበዓል ቀን መኪና ስለሌለ አብዛኛው በእግሩ ነው የመጣ። ከፊት ለፊት የቆሙት ከአምበር የመጡ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ እናት ናቸው፤ ልጃቸውን በአንድ እጅ፣ የልጃቸውን ጫማ በሌላው እጅ ይዘዋል።

“ምነው ልጄ፣” አሉኝ፣ “በእንቁጣጣሽ ቀን ሰው ይጠራል? ዶሮዋን እሳት ላይ ትተናት ነው የመጣን።”

“ስህተት ነው እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፕሮግራሙ አዲሱን ዓመት ትናንት ጀመረው።”

“እኔስ አውቄ ነበር!” አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። “ወንድሜ ዲማ ነው የሚማር፣ ከየኔታ ፈንቴ ዘንድ። የኔታ ዘንድሮ ጳጉሜን ስድስት ናት ብለው ከጥር ጀምሮ ነግረውናል። እኛ ግን ኮምፒውተር እንዲህ ካለማ አንድ ነገር ቢያውቅ ነው አልን። ልጅቱ ቦታዋን ብታጣስ?”

የኔታን የሚያህል ሰው ትተው እኔን አመኑ። እኔ ደግሞ ራሴ ትናንት ጠዋት ጎረቤት ስመርቅ የነበርኩ ሰው ነኝ።

ምን ላድርግ? መልሼ ልስደዳቸው? ጋሼ ወርቁ ጠረጴዛ አወጡ፤ እኔም እስክሪብቶ ይዤ እስከ ማምሻ በእጄ መዘገብኩ። የመጀመሪያዋን የአምበሯን ልጅ ጻፍኩ። መብራት እንኳ ጠፍቶ ስለነበር ኮምፒውተር በዚያ ቀን ተጨማሪ ጥፋት ሊያደርስ አልቻለም።

ከሰዓት በኋላ አቶ ስማቸው የአገር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው መጡ። እሳቸውም መልእክቱ ደርሷቸዋል፤ በዚያ ላይ የዞን ሹም የሆነ ዘመዳቸው ደውሎ “ኮሌጃችሁ ከእኛ የተለየ ዓመት ጀመረ እንዴ?” ብሏቸዋል።

“ይሄ ስህተት ያንተ ነው የኮምፒውተሩ?” አሉኝ።

“የኩባንያው ነው አቶ ስማቸው።” ስሙን ነገርኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። “እነሱ ተሳስተው፣ አንተ ልክ ሆነህ?”

“አዎ።”

“እንግዲያው በጽሑፍ ይመኑ። ቁጥር ያለው፣ ቀን ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከኩባንያው አምጣ። መስከረም ሳያልቅ ካላመጣህ ስህተቱ ያንተ ነው፤ ያንተ ከሆነ ደግሞ ቦታውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን።”

በዓለም ላይ ካሉ ሰዎች መካከል ከዚያ ኩባንያ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እንዲያመጣ የታዘዘ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ማመልከቻዬን እንኳ ያልመለሱልኝ ሰዎች!

በማግስቱ ኢንተርኔት ቤት ገባሁና ኮዱን ከፈትኩ። ስህተቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። ፕሮግራሙ ዓመቱን ለአራት ያካፍልና የቀረውን ይይዛል፤ ከዚያ “ቀሪው ዜሮ ከሆነ ጳጉሜን ስድስት ትሁን” ይላል። በፈረንጅ አቆጣጠር ደንብ ነው የሠሩት። በእኛ ቀሪው ሦስት ሲሆን ነው። ያን መስመር አጥፍቼ በዜሮዋ ፈንታ ሦስት አድርጌ እንደገና ጻፍኩት። መሞከሪያም ጨመርኩ፤ የሉቃስን ዓመት ሰጥቼ “ጳጉሜን ስንት ቀን ናት?” አልኩት። “ስድስት” አለኝ። ደስ አለኝ! መብራት ሳይሄድ ቶሎ ላክሁት። እንዲህ ያለውን እርማት እነሱ በእንግሊዝኛ የሚጠሩበት ስም ወደ እኛ ሲመጣ “ጎትቱልኝ ብሎ መጠየቅ” እንደ ማለት ነው። እኔም ጎትቱልኝ ብዬ ጠየቅኩ።

ከዚያ ማን ይቻለኝ! ፀጉር አስተካካዬ ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ “ከዚያ ከትልቁ ኩባንያ ጋር አንድ ሥራ ይዘናል” አልኩት። “ይዘናል” ያልኩት አንዲትን ሦስት ቁጥር ነው። ማታውኑ እናቴ ከቤቷ ደውላ “ተቀጠርክ አሉ፤ ለምን ከሰው እሰማለሁ?” ብላ አለቀሰች። አልተቀጠርኩም ብላት ደግሞ “አትደብቀኝ፣ ዓይን እንዳይበላህ ብለህ ነው” ብላ የበለጠ ተደሰተች።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። ሄንሪክ የሚባል መሐንዲስ ነው፤ እርማቶችን የሚመረምር እሱ ነው። በጣም ጨዋ ሰው ነው። አመስግኖኝ ሲያበቃ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። አንደኛ፣ ቀሪው ሦስት መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ፤ እሱ ያያቸው ሦስት ድረ ገጾች ሦስት የተለያየ ነገር ይላሉ። ሁለተኛ፣ አንድ የስምምነት ቅጽ ሞልቼ እንድፈርም።

ከቅጹ ጀመርኩ። “ስም” ይላል፤ ሞላሁ። “የቤተሰብ ስም” ይላል። እኔ የቤተሰብ ስም የለኝም፤ ያለኝ አባት ነው። የአያቴ ስም የቤተሰብ ይመስላል ብዬ እሱን ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ቀይ ሆነ። ለካ ኢሜይሌን ስከፍት የአባቴን ስም ነበር የሰጠሁት። “ስሞቹ አይመሳሰሉም፤ እባክዎ ትክክለኛውን ሰው ያስፈርሙ” አለኝ። ከአያቴና ከአባቴ አንዱን ምረጥ እንደ ማለት ነው። ተናድጄ ትቼው ወጣሁ።

ማስረጃውስ? ያን ጊዜ የአምበሯ እናት ትዝ አሉኝ። ከየኔታ ፈንቴ የበለጠ ማስረጃ ከየት አመጣለሁ? ኮዱን በወረቀት አትሜ በአውቶቡስ ተሳፈርኩ፣ የቀረውን በእግሬ አዘገምኩና ዲማ ገባሁ።

የኔታ ከደብሩ አጠገብ ዋርካ ሥር ተቀምጠው ያስተምራሉ። መነጽራቸው አንዱ እጀታ ስለተሰበረ በክር ታስሯል። ተማሪዎቻቸው ዙሪያውን ተኮልኩለዋል። እጅ ነስቼ የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ መልእክቱን፣ የዘመን መለወጫውን ሕዝብ፣ የዲኑን ማኅተም፣ ሄንሪክን።

“ይሄ ኩባንያ ስንት ሰው አለው?” አሉኝ።

“ብዙ ነው የኔታ። ሺህ በሺህ ነው።”

“ከዚያ ሁሉ ሰው ባሕረ ሐሳብ የተማረ አንድ የለም?”

“የለም መሰለኝ።”

“አዬ ምስኪኖች!” አሉ፤ ከልባቸው አዘኑ። “በል እንግዲህ ጻፍላቸው። ዓመተ ዓለሙን ያዝ፤ አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመን ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምር። ለአራት ግደፈው፣ ማለት አካፍለው። አንድ ቢቀር ማቴዎስ፣ ሁለት ቢቀር ማርቆስ፣ ሦስት ቢቀር ሉቃስ፣ ሳይቀር እኩል ቢገባ ዮሐንስ። ጳጉሜን ስድስት የምትሆን በሉቃስ ነው። አበቃ። ይሄን ለማወቅ ነው ሰውየው ሦስት ቦታ የዞረ?”

ጻፍኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘረጉ። “ያን ወረቀት አምጣው እስቲ። ስህተቱን ምን ብለህ ነው የምትጠራው?”

“በእነሱ ቋንቋ ተባይ ይሉታል የኔታ።”

“መልካም ብለዋል። ብራናንም የሚበላው እሱ ነው።” ወረቀቱን አገላብጠው ወደ መነጽራቸው አስጠጉት። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ እኔ በጣቴ እያሳየሁ መስመር በመስመር ተረጎምኩላቸው። “ይሄ ዓመት ማለት ነው። ይሄ ለአራት ተካፍሎ የቀረው። ይሄ ቀሪው ሦስት ከሆነ…”

“ቆይ፣” አሉ። ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አወረዱ። “እዚህ ላይ ሁለት መስመር ተኝቷል። እዚህም ሁለት። እዚያ ታችም ሁለት። ይሄ ያንተ ላይ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው ያለ። ለምን?”

“የቱ?”

“ይሄ። ከሦስቷ በፊት ያለው።”

አየሁ።

ነገሩን በአጭሩ ላስረዳችሁ። በዚያ ቋንቋ ሁለት የእኩል ምልክት ጎን ለጎን ሲጻፍ ጥያቄ ነው፤ “ቀሪው ሦስት ነው ወይ?” ማለት ነው። አንድ ብቻ ሲጻፍ ትእዛዝ ነው፤ “ቀሪው ሦስት ይሁን!” ማለት ነው። መብራት እንዳይሄድብኝ ስጣደፍ አንዷን ረስቻታለሁ። አልጠየቅሁም፤ አዝዣለሁ። መሞከሪያዬም የሞከረው ሉቃስን ብቻ ስለሆነ ችግሩን አላየም። እኔ በላክሁት እርማት መሠረት ማቴዎስም ሉቃስ ነው፤ ማርቆስም ሉቃስ ነው፤ ዮሐንስም ሉቃስ ነው። ጳጉሜን በየዓመቱ ስድስት ቀን ናት። ኩባንያው በአራት ዓመት አንዴ ተሳስቶ ቢሆን እኔ ሦስቱን ዓመት ልሳሳትለት ነው።

ይህን ለየኔታ ስነግራቸው ተማሪዎቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። የኔታ ግን አልሳቁም።

“ላክኸው?”

“ልኬዋለሁ።”

“ተቀብለውታል?”

“አላውቅም። ማስረጃ አምጣ ብለው ነበር…”

“እኔ ደግሞ ማስረጃ ሰጥቼሃለሁ፤” አሉ። “ስለዚህ አሁን ስሜ ከስህተትህ ጋር ሊሄድ ነው። ምን ትጠብቃለህ? ተነሥ እንጂ!”

ዲማ ላይ የዚያን ጊዜ ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረም። በመጣሁበት መንገድ መሮጥ ጀመርኩ። የመስከረም ጭቃ አንዱን ጫማዬን ወሰደው፤ ተመልሼ አወጣሁት፤ ሌላኛውን ወሰደው። አንድ ገበሬ ከማሳው ቀና ብሎ “ምን ሆነሃል ወንድሜ? ማን አባረረህ?” ሲለኝ “ጳጉሜን!” አልኩት። ሰውየው በሬዎቹን አቁሞ እስክጠፋ ድረስ አየኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ደግሞ ሐሳብ ያዘኝ። ሄንሪክ አጽድቆት ቢሆንስ? በዓለም ያለ ስልክ ሁሉ በየዓመቱ አንድ ቀን ሲዘገይ፣ ገናና ፋሲካ እየተንሸራተቱ ሲሄዱ፣ ከዓመታት በኋላ ጥምቀት ክረምት ላይ ሲውል ታየኝ። ታቦት በጃንጥላ ሳይሆን በጀልባ ሲወጣ ታየኝ። ይህ ሁሉ ከአንዲት ትንሽ ሰረዝ!

ደብረ ማርቆስ ስደርስ ኢንተርኔት ቤቱ መብራት የለም። ሁለተኛው መብራት አለ፣ መስመር የለም። ሦስተኛው ጄኔሬተር አስነሥቶልኝ ገባሁ። ልቤ እየመታ የሄንሪክን መልእክት ከፈትኩ።

“ማስረጃውን እኔው አግኝቼዋለሁ፤ ልክ ነህ። ኮድህን አጽድቄዋለሁ። ላስገባው ስል ግን ሲስተሙ ከለከለኝ፤ የስምምነት ቅጽህ ላይ ስምህ ከስምህ ጋር አይመሳሰልም። እሱን እንዳስተካከልክ ይገባል።”

ወንበሩ ላይ ተዘረርኩ። አባቴና አያቴ ነፍሳቸውን ይማር፤ ሁለቱ ተጋጭተው ዘመናችንን አተረፉት።

ለሄንሪክ ያለ የሌለ እንግሊዝኛዬን አውጥቼ ጻፍኩ። “እባክህ አታስገባው። ስህተት አለበት፤ ስህተቱ የእኔ ነው። አንድ መስመር ጎድሎኛል። አንተም አላየኸውም፣ እኔም አላየሁትም፤ ያዩት መምህሬ ናቸው።” ለአራቱም ወንጌላውያን አራት መሞከሪያ ጨምሬ የታረመውን ላክሁ፤ ቅጹንም በአባቴ ስም አስተካክዬ ሞላሁት። መልሱ ወዲያው መጣ።

“በጣም አፈርኩ። መምህርህ ስህተቱን ለማግኘት የተጠቀሙት ምን መሣሪያ ነው?”

“እርሳስ” ብዬ መለስኩ።

ከዚያ “እኛ ዘንድ ኮድ የመረመረ ሰው ስሙ አብሮ ይጻፋል፤ የመምህርህን ስምና ኢሜይል ላክልኝ” አለ። ስማቸውን ላክሁ፤ ኢሜይል ስለሌላቸው የእኔን ሰጠሁ። በሳምንቱ እርማቱ ገባ። ከሥሩም ሁለት ስም ተጻፈ፤ ጻፊ እኔ፣ መርማሪ የኔታ ፈንቴ።

ያችን ገጽ አትሜ ለአቶ ስማቸው አቀረብኩ። አገላበጧት። ጀርባዋንም አዩ።

“ማኅተሙስ?”

“እነሱ ማኅተም የላቸውም።”

“ማኅተም የሌለው ኩባንያ!” አሉ። “ከዚህ ጋር ነው ስትደክም የከረምከው?”

ፊቴ ጠቁሮ ወጣሁ። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ብርቱካን ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ “ከውጭ የመጣ ነው?” አለችኝ። አዎ አልኳት። ከውጭ የመጣ ወረቀት ሁሉ እንደሚደረገው ቁጥር ሰጠችው፣ ቀን ጻፈችበት፣ የኮሌጃችንን ክብ ማኅተም “ገቢ” ከሚለው ጋር ጧ አድርጋ መታችበትና ለዲኑ መልሳ አስገባችው። ትንሽ ቆይተው አቶ ስማቸው ብቅ አሉ።

“እህ! አሁን ደብዳቤ መሰለ። መጀመሪያ እንዲህ አድርገህ አታመጣውም ነበር?”

ሥራዬ ተረፈ። ስለ ሁለተኛው ስህተት አልጠየቁኝም፤ እኔም አላነሣሁባቸውም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔ ደስ ባለኝ። ግን ኅዳር ላይ ኢሜይሌን ስከፍት ከኩባንያው የቅጥር ክፍል የመጣ መልእክት አገኘሁ። ዓይኔ ጨለመ። ያ ሁሉ ዓመት ዝም ያሉኝ ሰዎች! “ሥራዎን አይተን ተደንቀናል፤ ከእኛ ጋር ለመሥራት ፈቃደኛ ቢሆኑ የፈተና ቀጠሮ እንይዛለን” ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ላይ ነው ከላይ ያለውን ያየሁ። “ውድ የኔታ” ይላል። ስም፣ የኔታ። የቤተሰብ ስም፣ ፈንቴ። የእሳቸውን ስም ሲስተሙ ያለ ምንም ችግር ተቀብሎታል።

ሁለት ቀን ይዤው ተቀመጥኩ። እዋሻችኋለሁ? ክፉ ሐሳብ መጥቶብኛል። ኢሜይሉ የእኔ ነው፤ “የኔታ እኔ ነኝ” ብል ማን ያውቃል? መልሱን ጽፌም ነበር። “ላክ” የሚለው ላይ ጣቴ ሲደርስ ግን ያ የእርሳሳቸው ጫፍ ከአንዲቷ መስመር ላይ ቆሞ ታየኝ። እኔ የጻፍኩትን እኔ አላየሁትም፤ ያዩት እሳቸው ናቸው። አጠፋሁትና ቅዳሜ ዲማ ሄድኩ።

የኔታ ደብዳቤውን ስተረጉምላቸው አንዴም አላቋረጡኝም።

“ይፈትኑኛል ነው የሚሉ?”

“አዎ የኔታ። አምስት ጊዜ።”

“በመጀመሪያው ካለፍኩ አራቱ ለምንድን ነው?”

“እንዲያ ነው ወጉ።”

“በሽምግልናዬ አልፈተንም፤” አሉ በእርጋታ። “እነዚህንስ ለማን ጥዬ?” ተማሪዎቻቸውን በአገጫቸው አመለከቱ። “ሰዎቹ ግን ክፉ አይደሉም፤ ያላወቁትን ጠይቀዋል። እንዲህ ብለህ ጻፍ። ጥሪያችሁ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ አልመጣም። ባሕረ ሐሳብ መማር የፈለገ ካለ ግን እሱ ይምጣ። ጎጆ እንሰጠዋለን። ቀለቡን እንደማንኛውም ተማሪ መንደር ለመንደር ቁራሽ ለምኖ ይብላ። ዱላ ይያዝ፤ የእኛ አገር ውሻ መሐንዲስ አይለይም።”

ብዕሬን አነሣሁ። “የኔታ፣ እርስዎ ካልሄዱ… እኔም ብሆን…”

“ለዚህ ልጅም ሥራ ስጡት በል፤” አሉ ሳያስጨርሱኝ። “ግን የጻፈውን ደግሞ የሚያነብ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ በል።”

እንዳሉት ጻፍኩ። “ቁራሽ ለምኖ” የሚለው ላይ ሲደርስ እንግሊዝኛዬ አለቀብኝና “ምግብ በተማሪው ጥረት” ብዬ አለፍኩት። ለቅጥር ክፍሉ ላክሁ፤ ለሄንሪክም ግልባጭ አደረግኩ። ቅጥር ክፍሉ እንደ ልማዱ ዝም አለ። ሄንሪክ ግን መለሰ፤ እኔም መልሱን አትሜ ወደ ዋርካው ሥር ተመልሼ ለየኔታ አነበብኩላቸው። እረፍት እንዳለው፣ በጥር እንደሚመጣ፣ ዱላ ከአሁኑ እንደገዛ ጽፏል። ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ትተው ከበቡን።

“መጨረሻው ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለው የኔታ፤” አልኩ። “እሱ ሥጋ አይበላም። ለሚያስተናግዱት ሰዎች ያስቸግር ይሆን? ይላል።”

የኔታ መነጽራቸውን አወለቁ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳይስቁ የከረሙ ሰውዬ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

“ሥጋ?” አሉ፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። “ማን ሊሰጠው!”